የዓሣ ቅርፊት በረዶ

ማቴዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ከቅዳሜ ጀምሮ ልቤ ቦታው አልተመለሰም፤ ይህን የምጽፍልህም እንደደነገጥኩ ነው። ምን እንዳገኘን ከመንገሬ በፊት ግን የቤቱን ወሬ ላስቀድም፤ አንተ ወሬ ከመሃል ሲጀመርልህ አትወድም ነበር።

ወንድ ልጅ ወልደናል። ምትኩ ብዬዋለሁ። አምስት ወሩ ነው፤ ጆሮው ያው ያንተ ነው፣ ብትፈልግም አትክደውም። ሳልነግርህ ነው የሄድከው። እርግጠኛ ልሁንና ለገና እነግረዋለሁ ብዬ በሆዴ እንደያዝኩት፣ አንተ ጠዋት ሱቅ ልትከፍት ወጥተህ በዚያው ቀረህ። ልቡ ነው አሉን። እንኳን ደስ ያለህ ሊልህ የሚገባው ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናሽ ሊለኝ መጣ። ዓመቱን ሙሉ ያንገበገበኝ ይኸው ነው፤ ይህን ልጅ ሳታውቅ መሄድህ።

ያን ብልቃጥ ታስታውሰዋለህ። ሶስናችን በቴሌቪዥን ያየችውን፣ ሲገለብጡት በረዶ የሚያዘንበውን የመስታወት ኳስ ካልሠራህልኝ ብላ ነበር። የእኛ በረዶ ቆርቆሮ የሚደበድብ እንጂ ቀስ ብሎ የሚወርድ መች ነው እያልክ ስቀህባት፣ ዞር ብለህ የማርማላታ ብልቃጥ አጠብክ። ሞባይል ከምትጠግንበት ሱቅ ቀጭን ሽቦ አምጥተህ፣ በወረንጦ እየጠመዘዝክ እኔን፣ አንተንና ሶስናን ሠራህ፤ ክዳኑ ላይ በሙጫ አቆምከን። ውሃው የሐይቁ ካልሆነ አልክ። ለበረዶው ደግሞ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት በፌስታል ይዘህ መጣህ። ይሸታል ብልህ፣ ብር ይመስላል ብለህ አጥበህ ፀሐይ ላይ አሰጣኸው።

ዓሣ ስበላ ያደግሁት እኔ፣ ፌስታሉ ሲፈታ አፌን ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ጨጓራዬ ነው አልኩህ። አየኸኝና ፈገግ አልክ። ሌላ ነገር አልጠየቅከኝም።

በማግስቱ አሽገህ፣ ሙጫው እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው፣ ለገና ይገለጣል ብለህ ቁም ሳጥኑ ላይ በጨርቅ ሸፍነህ አስቀመጥከው። ለቅሶ ደራሹ ተበትኖ ጨርቁን ስገልጥ ውሃው አጓት መስሏል፤ ውስጡ ምንም አይታይም። ሰው ሁሉ ጣይው አለኝ። አንተ ያሸግከውን የመጨረሻ ነገር እንዴት ልጣለው? እንደደፈረሰ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ሶስና ጓሮ ቁጭ ብላ ከፍታዋለች። ሽታው በር ላይ ተቀበለኝ። ጮህኩባት ማቴዬ፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። እሷ ክዳኑን በንጹሕ ውሃ እያጠበች ቀና እንኳ አላለችም።

«እማዬ፣ አራት ነን እኮ» አለች።

ተቀበልኳት። እኔን ያስመሰልካት ሽቦ ክንዶቿን አጠፍ አድርጋለች። ክንዶቿ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታክል፣ ራስ ያላት ሌላ ሽቦ ተጠቅልላ ተኝታለች። ስትሠራ ያየሁህ ሦስታችንን ብቻ ነበር። ምትኩን እንዳዘልኩ መሬት ተቀመጥኩ። አውቀህ ነበር? የቅርፊቱ ቀን ነው ያወቅከው? አውቀህስ ዝም ማለት እንዴት አስቻለህ? እኔ ለገና ልነግርህ ስደብቅህ፣ አንተ ለገና ልታሳየኝ ስትደብቀኝ። አሁንም ደስታ ይሁን ሐዘን አልለየሁትም።

ዛሬ ጠዋት ከሶስና ጋር አሞራ ገደል ወርደን ቅርፊት ለምነን መጣን። የፈላ ውሃና ብልጭልጭ ወረቀት ይሻላችኋል ያሉን ነበሩ፤ እምቢ አልን። ያው የሐይቁ ውሃ፣ ያው ቅርፊት። መደፍረሱ አይቀርም፤ ይደፍርስ። በየዓመቱ ለገና እንከፍተዋለን፣ እናጥባችኋለን፣ ያንተ ሙጫ ከላላ መልሰን እናጣብቅሃለን። አባቱ ሳያውቀው ሞተ የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ ምትኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ክዳኑን ሰውየውን አስይዤ፣ አንተ ለልጅህ የሰጠኸውን ቦታ አሳየዋለሁ።

ያንተው አልማዝ