የካሌብ ሚስት

ለባሌ ለመምህር ታደሰ፤

ታዴዬ፣ ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው። እንደምን ነህ ብዬ እንዳልጀምር አፈር ምን ይመልሳል፤ ደህና ነኝ እንዳልልህ ደግሞ ተቀይሜሃለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ሰሚት አሁንም ውኃው በፈረቃ ነው፤ ከኮንዶሚኒየሙ ፊት ያለው መንገድ ግን አስፋልት ለብሷል። መጻሕፍትህን ለልጃችን ለዮናስ ሰጠሁት። የአክሱምን ካርታ ብቻ ከሳሎኑ ግድግዳ አላወረድኩትም። ከሥሩ ያለው ቀለም ከሌላው ስለማይመሳሰል ነው እንጂ ለፍቅር ብዬ አይደለም።

ከዚያ ካርታ ፊት ቆመህ ስንት ጊዜ አስተምረኸናል! ጡረታ ብትወጣም የታሪክ መምህርነቱ አልወጣልህም ነበር። ዐፄ ካሌብ ለናግራን ክርስቲያኖች ብሎ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፣ ድል አድርጎ ሲመለስ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ መነነ ስትል ድምፅህ ይሰበር ነበር። አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ሚስቱስ ምን አለች ብዬ ጠየቅኩህ። ስቀህ፣ ታሪክ ስለ እሷ ዝም ብሏል አልከኝ። እኔም አብሬህ ሳቅኩ።

ከዚያ ወገቤን አመመኝ ብለህ መኝታህን ወደ ዮናስ ክፍል አዞርክ። እኔ ሞኟ ከመገናኛ ጠንከር ያለ ፍራሽ ገዝቼ፣ ከታክሲው ረዳት ጋር እየተጨቃጨቅኩ ይዤልህ መጣሁ። ፆም በገባ ቁጥር ሱባኤ ልግባ ስትል በሶህን ቋጥሬ፣ ጋቢህን አጥቤ የሸኘሁህ እኔ ነኝ። በፍልሰታ ግን አልተመለስክም። ታሞ አረፈ ብለው ደውለውልን ገዳሙ ስንደርስ፣ ቆብ ደፍተህ፣ ተገንዘህ አገኘሁህ። አበምኔቱ ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ባለቤቱ ነኝ ስላቸው ሽማግሌው ክው አሉ። ለካ ወገቤን አመመኝ ባልከኝ ሰሞን መንኩሰህ፣ ሚስቴ ሞታለች ብለሃቸው ኖሯል።

ባለትዳር ያለ ሚስቱ ፈቃድ እንደማይመነኩስ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። የሚመነኩስ ሰው ለዓለም ይሞታል፣ በቁሙ ፍትሐት ይደረስለታል፤ እሱ የራስህ ጉዳይ ነው። እኔን ለምን ገደልከኝ? ብትጠይቀኝ አልቅሼ፣ ተሳድቤ፣ ምናልባት እሺ እል ነበር። ምናልባትም እምቢ። እሱን ፈርተህ ነው አይደል? ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል፤ አንተ ግን ቀብረኸኝ መጥተህ፣ እኔው የሠራሁትን ሽሮ እየበላህ አላረዳኸኝም። ከድተኸኛል ታዴ። ሌላ ሴት ይዘህ ቢሆን እንኳ የምሰድባት አላጣም ነበር፤ እግዜርን እንዴት ብዬ ልስደብ?

ሰሞኑን የዮናስ ልጅ ቤዛ ለትምህርት ቤት ስለ ካሌብ ንገሪኝ አለችኝ። ልክ እንዳንተ አድርጌ ነገርኳት። ዘውዱ ጋ ስደርስ፣ ሚስቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ስትጠብቀው ሳይነግራት ሄደ አልኳት። መጽሐፉ ላይ እሷ የለችም ብላ ተከራከረችኝ። መጽሐፉ ላይ ባትኖርም ነበረች አልኳት።

ለሙት ዓመትህ ጠላው ተጠንስሷል። የእድሩ ሰዎች ተጠርተዋል፤ ዝክርህን አወጣለሁ። አልረሳህም፤ ብፈልግም አልችልም። በየዓመቱ ስምህን የምታስጠራልህ፣ ሞታለች ያልካት ሴት መሆኗን ግን አንተም አትርሳ።

በሕይወት ያለችው ሚስትህ፣
አስካለ