ብርቄ ያልሰማችው ጥሪ

ኅዳር 3፣ ጠዋት
ገደሉ አፋፍ ወጥቼ ጮህሁ። የታች መንደር ሰው ሞቷል፤ መርዶ መንገር የኔ ሥራ ነው። የማዶው ጠሪ ተቀበለኝ፣ ለቀጣዩ ጋራ አሳለፈ። ወሬው እንዲያ እያለ ሩቁ ደሃና ወረዳ ይገባል። እንደኔ ያለ ድምፅ ባገሩ የለም። የልጄ ልጅ ብርቄ እግሬ ሥር አፈር ትጭራለች። ሦስት ዓመቷ ነው። ቀና አላለችም።
አንተ ደብተር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁ፣ እሷ አትሰማኝ። የምትጽፈው እናቷ እናትነሽ ናት። ያደገች ለት ታንብበኝ።

ኅዳር 5፣ ሰቆጣ፣ ሆ/ል
ዶ/ሩ ልጅ እግር ነው። ጆሮ በማኅፀን እንዴት እንደሚሠራ ንገረኝ አልሁት። መጀመሪያ ከጭንቅላቷ ጎን ትንሽ ጎድጓዳ ብቻ ነው አለ። በዙሪያው ያሉት ሕዋሳት መልእክት ይልካሉ፤ ሞለኪውል ይለዋል። ቅርብ ላለው ብዙ ይደርሰዋል፣ ለሩቁ ጥቂት። በዚያ ልክ ሁሉም ሥራውን ይይዛል። ሰሚ የሆነው ሕዋስ ጎረቤቱን፣ አንተ ሰሚ አትሁን፣ ደግፈኝ ይለዋል። ጎድጓዳው ከረጢት ይሆናል፣ ከዚያ እንደ ቀንድ አውጣ ይጠቀለላል።
ይኼማ የኔ ሙያ ነው አልሁት። ሳቀ። የብርቄ መልእክት መሐል ላይ ሳይቋረጥ አልቀረም፣ አ.አ. ሄዳ የጆሮዋን ፎቶ ትነሣ አለ።
«ማነው ዝም ያለው?» አልሁት።
ከዘር ሊሆን ይችላል አለ። ከኔ ዘር! ጥዬው ወጣሁ።

ኅዳር 6
እናትነሽ «ነፍሰ ጡር ሳለሁ ስለደነገጥሁ ነው» ትላለች። ዶ/ሩ ማርገዝሽን በቅጡ ሳታውቂ የተጀመረ ነገር ነው፣ ያንቺ ጥፋት የለበትም ብሏታል። አታምንም። ጻፊ እንጂ አታልቅሺ፣ ወረቀቱ ይበሰብሳል።

ኅዳር 20፣ አ.አ.
ፎቶው ደረሰ። ከረጢቱ ከረጢት ሆኖ ቀርቷል። ነርቩም የለም። የመስሚያ መሣሪያ ቢተከል የሚቀበለው የለም አሉ። ጠበሉን አዳርሰናል። ሐኪሙን አዳርሰናል። ጆሮዋ ከማዶ ሰው የሌለበት ጋራ ነው። እዚያ ላይ ቆሜ ምን ልበል።
ዛሬ እህል አልቀመስሁም።

ኅዳር 27፣ ሰቆጣ
እዚህ ያለው መስማት የተሳናቸው ልጆች ት/ቤት ራሷም መስማት የተሳናት መምህርት አለችው። በእጅ ነው የምታስተምር። አምና ስትመክረን ዝንብ ማባረር ነው ብዬ አስቄባታለሁ። ዛሬ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ለብርቄ አሳየቻት፣ በጣቷ አንድ ነገር ሠራች፤ ውኃ ማለት ነው። ብርቄ አየች፣ አየች፣ ዞራ ያንኑ ለኔ ሠራችው። ተወልዳ መጀመሪያ የጠራችኝ።
የምመልስበት እጅ የለኝም።
የጋራውን ጥሪ ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። እዚሁ ቤት እንከራያለን። ነገ ክፍል ውስጥ ከሷ ጎን እቀመጣለሁ፤ የሚስቅ ይሳቅ። እናትነሽ፣ መጻፉ ይብቃሽ፣ ምልክቱን አንቺ ይዘሽዋል። ብዕሩን አስቀምጪና እጄን ያዢኝ። ውኃ እንዴት ነበር፣ ጣቴን ወዴት