ጥርሱ ታይቶ የተገዛ ሚኒባስ

ይድረስ ለምፈራዎትም ለምወድዎትም አጎቴ፤

ከመላው ቤተሰብዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ ተሻለው? በቅሎዋስ? እኔ ዳንግላ ጋራዡ ውስጥ ደህና ነኝ። መልኬ ብቻ እንደምንቀባው ቀለም ይለዋወጣል፤ ዛሬ ነጭ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል የወጣ ሰው ደብዳቤ ነውና ፊደሉን ትተው ነገሩን ያንብቡልኝ።

ቆሰበር ከተማ ሚኒባሱን ሲገዙ አብሬዎት ነበርኩ። ኮፈኑን አስከፍተው፣ የፈረስ ጥርስ እንደሚያይ ሰው ጎንበስ አሉ። ጎማውን እንደ ኮቴ በከዘራ አንኳኩ። ጎኑን መታ መታ አድርገው፣ «ሳንባው ደህና ነው» አሉ። ደላላው፣ «እንዲህ ያለ አዋቂ አይቼ አላውቅም» ብሎ ትከሻዎን ሳመ። እኔ ደግሞ ሳቄ መጥቶ ሳል አስመሰልኩት።

ለልጅዎ ለማናለብሽ ሠርግ ክላክስ እንድናስገባለት ወደኛ ሲልኩት ግን ሳቄ ቆመ። ከሥሩ ገብቼ ቀና ብል፣ ወለሉ መሀል ለመሀል የብየዳ ጠባሳ። ከቀለሙ ሥር የተለሰነውን ስቱኮ በመዶሻ ጫፍ ነካ ሳደርገው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። ፊቱ የአንድ የተገለበጠ መኪና ነው፤ ኋላው የሌላ የተገጨ መኪና። አለቃዬ ጋሽ ሽባባው አይተው፣ «ሁለት ሬሳ ሰፍተው አንድ ሙሽራ አወጡ» አሉ።

ሮጬ መጥቼ ነገርኩዎት። እርስዎ ሳቁ። «በቅሎዎ ወለደች ብለህ ከቅዳሴ ያስሮጥከኝ አንተ አይደለህም?» አሉኝ። እውነትዎን ነው። ግን አጎቴ፣ እንደዚያ ሮጠው ሲደርሱ በቅሎዋም ደንግጣ ነበር እኮ።

ትናንት ምሳ በልቼ ጎማ ክምር ላይ ሸለብ ቢያደርገኝ ዘንገና ሐይቅን አየሁት። ጉም እንደ ነጠላ ለብሷል። ሚኒባስዎ ዘፈኑን ከፍቶ፣ ውኃ ሊጠጣ ቀስ እያለ ቁልቁል ይወርዳል። ፊቱ ይጠጣል፤ ኋላው «እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም» ብሎ ይገተራል። በመስኮቱ ልጅዎ ማናለብሽ ትታየኛለች፤ ቬሎዋ በነፋስ ይንሳፈፋል። «ውረጂ!» ብዬ ጮኽኩ። ቀልዴ መስሏት ሳቀች። ከዚያ መኪናውም እሷም የሉም፤ ሳቋ ብቻ ጉሙ ውስጥ ቀረ።

ስለዚህ ዛሬ ጧት ሰላም ልልዎት መጥቼ ጉልበትዎን ስስም፣ እጄ ኮትዎ ኪስ ገባ። ደጅዎ የቆመው ሚኒባስ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ሁለተኛ ቁልፍ አለኝ እንዳይሉ፣ እሱንም ወስጃለሁ። ማንንም አይጠርጥሩ። ይህን ያደረሰልዎ ጋሪ ነጂው አሸናፊም ምንም አያውቅም።

እሑድ ማናለብሽ በጋሪም በፈረስም ትሂድ። ጋሽ ሽባባው ለሽማግሌ ሊመሰክሩ ቃል ገብተዋል፤ ደላላው ብሩን ይመልስ። ብቻ አደራዎን፣ ቢናደዱ እንኳ እንደ ነካሽ ፈረስ ሌላ ገበያ ወስደው እንዳይሸጡት። የሚገዛውም ልጅ አለው።

አባቴ ተሳፍሮ ያልተመለሰበት መኪናም ቀለሙ ያብለጨልጭ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴ መቆጣት ትታለች፤ ባጠፋ ዝም ብላ ታየኛለች። እሑድ ስመጣ እንግዳው ሁሉ ፊት ይቆጡኝ፤ ደህና አድርገው ይቆጡኝ። የሚቆጣኝ ሰው እርስዎ ብቻ ቀርተውኛል።

እግዜር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ከነድምፅዎ።

ቁጣዎን ናፋቂ የእህትዎ ልጅ