የሰኞ እጥበት

ሎውስቶፍት፣ ማርች 13 ቀን 1941

ለናፈቅከኝ ለጄትሮ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ዊኒ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ "አባዬ ሲመጣ አያውቀኝም" እያለች መስታወት ፊት ታለቅሳለች። እናትህ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነው።

ጀልባችን ጁዲትስ እንዴት ናት? ባሕር ኃይሎች ወስደው ግራጫ ቀብተው መድፍ ሲተክሉባት፣ የወታደር ቆብ የደፋች አሮጊት መስላኝ ስቄ ነበር። አሁን አልስቅም። መረብ ስትጎትትበት በኖርከው ማሽን ዛሬ የባሕር ፈንጂ መጥረጊያ ገመድ ትጎትትበታለህ። ዓሣው ቢያመልጥህ ነገም ሌላ ቀን ነው። ፈንጂው ቢያመልጥህ የሚለውን መጨረስ አልፈልግም።

የሆዴን ልንገርህ። ባሏ ባሕር በወጣበት ቀን ልብስ ያጠበች ሚስት ባሏን አብራ እንደምታጥበው፣ ማዕበሉም እንደሚወስደው እናትህ ገና ሙሽራ ሳለሁ ነግረውኛል። ድሮ ቀላል ነበር፤ ስትወጣ አይሃለሁ፣ የዚያን ቀን ውኃ አልነካም። ዛሬ መቼ እንደምትወጡ ባሕር ኃይል ለማን ይናገራል? ስለዚህ ጨርሶ ማጠብ ተውኩ። የቆሸሸው ልብስ ጓዳውን ሞላው፤ ዊኒም አንገቷን ታክ ጀመር።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ካችፖል አፍንጫቸውን ይዘው መጡ።

"አንቺ ልጅ፣ ቁንጫ ልታረቢ ነው? የኔ ባል ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ምድጃ ውስጥ አይሰምጥብኝ። አምጪው እኔ ልጠበው።"

"የጄትሮን ልብስ ግን አልሰጥም" አልኳቸው።

"ማን ጠየቀሽ? የልጅቷንና የአልጋውን ስጪኝ።"

ሰጠኋቸው። ሰኞ አጥበው ማክሰኞ ቅርጫቱን ሲመልሱ፣ ሰማያዊ ሹራብህ ታጥቦ ተጣጥፎ ከላይ ተቀምጧል። ለካ ትራስ ልብሱ ውስጥ ከትቼ ስተኛበት የነበረው አብሮ ሄዷል። አሸተትኩት። ሳሙና ሳሙና ይላል፤ አንተ የለህበትም።

እናትህ ሲያዩት ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ማን አጠበው?"

"ወይዘሮ ካችፖል።"

"ማንም ይጠበው፤ የማን ባል ልብስ ነው?" አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከገና ወዲህ ደብዳቤህ አልደረሰንም። ፖስተኛው "የደብዳቤ መርማሪዎቹ ናቸው የሚያቆዩት" ይለኛል። እኔም ለእናትህ እንደዚያው እላለሁ፤ እሳቸውም ለዊኒ እንደዚያው ይነግሯታል። ጄትሮ፣ ናፍቀኸኛል። ጉሮሮህን ስትጠርግ የምታሰለቸኝ ድምፅ እንኳ ናፍቃኛለች።

መንገድህን ይጥረግልህ፤ ከውኃው በላይ ያውልህ፣ ከውኃው በላይ ያሳድርህ። ረጅም ደብዳቤ አልጠይቅህም፤ አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። ሰኞ ዕለት ወደብ ላይ ነበርክ? ነበርኩ በለኝ። ባትሆንም ነበርኩ በለኝ፤ ብቻ በገዛ እጅህ ጻፈው።

ሚስትህ
ኬዛያ