አንብቤዋለሁ ያልኩህ ወረቀት

አባዬ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ከተለየኸን ሁለት አረፋ አለፈ። ሁለቱንም በግ ያረድኩት እኔ ነኝ። ቢላዋው እንደ አንተ እጅ አልታዘዘልኝም፤ ይህን ግን ለማንም አላወራም።

እማዬ ደህና ናት። እኔማ ምን እሆናለሁ! ደሴ ባጃጅ ይዣለሁ፤ ሰኞ ገበያን በግርግሩ ሰዓት እንደ እኔ የሚሰነጥቀው ሹፌር የለም። ኮምቦልቻ፣ የሰፈራችን ወንዝ ግን እንደዚያው ነው። ጨርቅ ፋብሪካው የማቅለሚያውን እጣቢ ሲለቅበት አንድ ቀን እንደ ቀይ ሥር፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ይፈሳል። የሽንኩርት ችግኛችንን ዘንድሮም አቃጠለው።

አሁን ሀያት የምትባል ጠበቃ መጣች፤ ቢሮዋ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። ፋብሪካውን ልክሰስላችሁ፣ ከናንተ ምንም አልፈልግም አለች። ሰፈሩ አጨበጨበ። እኔ እንኳ አልሞኝም። ምንም የማይፈልግ ሰው የት አለ? ማን ላካት? ሦስት ቀን በባጃጅ ተከተልኳት። በሦስተኛው ቀን የፋብሪካው በር ላይ አገኘኋት። ያዝኩሽ አልኩ በልቤ። ለካ የፍርድ ቤት መጥሪያ ልታደርስ ሄዳ፣ ዘበኛው አላስገባም ብሎ ፀሐይ ላይ ገትሯት ነው። ዞር ብላ አየችኝና፣ አንተ ባለ ባጃጅ፣ ሦስት ቀን ካጀብከኝ አይቀር ደሴ አድርሰኝ አለች። አደረስኳት። ማመኑን ግን አላመንኳትም።

እውነቱን ልንገርህ? ወረቀት የምታገላብጥ ሰው ስትመጣ የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር። እሱም አልቀረልኝም። ባለፈው ሳምንት የፋብሪካው ጠበቃ ለፍርድ ቤቱ መልስ ሲሰጥ አንድ ወረቀት አያይዞ አመጣ። የአንተ አውራ ጣት አለበት።

ያን ቀን ትዝ ይልሃል? የፋብሪካው ሰዎች ስለተቃጠለው አትክልታችን ሽማግሌ ልከው፣ ዱዓ ተደርጎ፣ አንተም ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ ካልክ በኋላ ወረቀቱን አወጡ። አንተ ወደ እኔ አየህ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ልጅህ ሽማግሌዎቹ ፊት ፊደል ቆጥሬ እንጂ አጥርቼ ማንበብ አልችልም ማለት አፈርኩ። ዓይኔን ከላይ እስከ ታች አንዴ አስኬድኩና፣ የተገኙት ሰዎች ስም ነው፣ ፈርም አልኩህ። በእኔ ኮርተህ ጣትህን ቀለሙ ላይ አሳረፍክ።

የሰው ስም አልነበረም አባዬ። ለደረሰብኝም ወደፊት ለሚደርስብኝም እኔም ወራሾቼም አንከስም ይላል። ሀያት ስታነብልኝ ውሸቷን ነው ብዬ ወረቀቱን ነጥቄ ለሌላ ሰው አስነበብኩት። ያው ነው።

ፍርድ ቤት ቆመህ አላነበብኩለትም በል፣ ያለዚያ ወረቀቱ ያሸንፈናል ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ እዚያ አለ፤ ያነባል ብለው ደብዳቤ የሚያመጡልኝ፣ እየገመትኩ የማነብላቸው ሁሉ። ልትረዳን ነው ወይስ ልታዋርደኝ? እስካሁን ዓይኔን ከሷ አልነቀልኩም። ግን ወረቀቱን የጻፈችው እሷ አይደለችም። ያላነበብኩትም እኔ ነኝ።

ሐሙስ እቆማለሁ። እማዬ ፊት፣ ሽማግሌዎቹ ፊት፣ ማንበብ እችላለሁ ብዬ አባቴን ዋሸሁት እላለሁ። ይሳቁ። ወንዙን አይተው ይሳቁ።

አንተን ደግሞ በዚያች ቀለም በነካት ጣትህ አስታውስሃለሁ፤ ማንም ወረቀት ይዞ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ እሷ ትታየኛለች። ይህን ደብዳቤ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በጣቴ፣ ቃል በቃል።

ልጅህ