ዳኛው፣ አረፋውና የእኔ እጅ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም የሰው ሆድ ስጫን ዋልኩ። ክንዴ ዝሏል... ግን ደስ ብሎኛል። ሌሎቹ ሐኪሞች "በአየር ተሞልቷል፣ አይታይም" ብለው የመለሱትን አንጀት አየሩን ገፍቼ ገፍቼ ስክሪኑ ላይ አወጣሁት። ለአልትራሳውንድ አየር ጠላት ነው፤ መድኃኒቱ መጫን ነው። በዕድሜ ስለምትበልጠን ሁላችንም እቴቴ የምንላት ነርስ "ከሐኪምነቱ ዳቦ ቤት ይሻልሽ ነበር፣ ሊጥ ታቦኪ ነበር" አለችኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና? እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

አንድ የኳስ ዳኛ መጣ። ሃምሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ሲቆም እንኳ ፊሽካ ሊነፋ የሚመስል። ትንሹ አንጀቱ ለዓመታት ሲቆጣ ኖሮ አንድ ቦታ ላይ ጠቧል። ጥያቄው አንድ ነው። በጠበበው ቦታ ደም ይዞራል ወይስ አይዞርም? ከዞረ ገና የተቆጣ ነው፣ መድኃኒት ሊመልሰው ይችላል። ካልዞረ ጠባሳ ነው፣ ቀዶ ሐኪሙ ይቆርጠዋል። ከዚህ በፊት አንዴ ተቆርጦለታል... ከደገመ ሜዳ ላይ መሮጡን ይርሳው ብለውታል። ኩላሊቱ ደካማ ስለሆነ ለሲቲ ስካን የሚወጋው ቀለም አይሰጠውም።

ስለዚህ አረፋ። እቴቴ ብልቃጧን ቀስ ብላ አገላብጣ፣ ወተት የመሰለውን ነገር በክንዱ የደም ሥር ሰጠችው።

"ሳሙና ነው?"

"የጋዝ አረፋ ነው። ከደም ሴል ያንሳል። ደምዎ የሄደበት ሁሉ ይሄዳል፣ ለእኔ ነጭ ሆኖ ይታየኛል። ከዚያ በትንፋሽዎ ይወጣል።"

"እንግዲህ ዛሬ ዳኛዋ እርስዎ ነዎት" አለ።

ፕሮቡን፣ በእጅ የሚያዘውን የአልትራሳውንዱን ጫፍ፣ ሆዱ ላይ ተጫንኩ። ትልቁ የደም ሥር ነጣ። የጠበበው አንጀት ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። "የደም ዝውውር አይታይም" ብዬ ጻፍኩ። ቀዶ ሐኪሙ ለረቡዕ ቀጠረው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር በጣም ቆየ። አንጀቴን በላው።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ባለቤቴ እራት ሠራ። አሳረረው። በላነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ዝናብ። ከሱቅ ስመለስ ልጄ አባቷን ስትጠብቅ አፍንጫዋን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ከውጭ አየኋት፤ የአፍንጫዋ ጫፍ ወረቀት መስሏል። እኔን ስታይ ከመስታወቱ ተላቀቀች፣ አፍንጫዋ መልሶ ቀላ። ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄ ቆመ።

ስለተጫነችው ነው የነጣው። ደሙ ተገፍቶ።

ሐሙስ ዕለት ምን ያህል ተጫንኩ? ሆዱ ላይ ሥጋ የለም፣ አንጀቱ ከቆዳው ሥር ነው... አየርም አልነበረበት። ታዲያ ምን ልገፋ ነበር? ልማድ። እጄ ለብቻው ሥራ ሲሠራ እኔ የት ነበርኩ?

ለባለቤቴ ነገርኩት። "ሰኞ ታይዋለሽ። ዛሬ አንቺ ብትጨነቂ ሰውዬው አይድንም" አለኝ። እውነቱን ነው። ሻዩን ግን ሳልጠጣ ተነሳሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ኮቴን ሳላወልቅ የሐሙሱን ቪዲዮ ከፈትኩ። ከጠበበው ጎን ያለው ጤነኛ አንጀት... እሱም ጥቁር። ጤነኛው ምን ሆኖ ደም ያጣል፣ እጄ ካልገፋው በቀር? ዓይኔን በሽታው ላይ ተክዬ ጎረቤቱን ሳላየው ቀረሁ። በጣም አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ረቡዕ ገና ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ።

"ሐሙስ ደም የለም አልሽ። ዛሬ አለ ልትዪኝ ነው?"

"አለ አላልኩም። ልየው ነው ያልኩት።"

"ነገ ጠዋት እዪው። ከዚያ ወዲያ ወለም ዘለም የለም።"

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ለዳኛው እንቅጩን ነገርኩት። እጄ ከብዶ ሊሆን እንደሚችል፣ ዛሬም ያው ጥቁር ሊሆን እንደሚችል።

"እኔ የነፋሁትን ፊሽካ መልሼ አላውቅም" አለ። "ከመለሱ ተጫዋች ይንቅዎታል።"

"እኔ ልመልስ ነው። ይናቀኝ።"

"ይመልሱ እስቲ" አለና ሸሚዙን ገለጠ።

ክርኔን አልጋው ላይ አሳረፍኩ። ቆዳው ላይ የሚቀባውን ጄል አበዛሁ፤ ፕሮቡ ጄሉን እንጂ ሆዱን እንዳይጫን። እቴቴ "ዛሬ ምነው እጅሽ የሙሽራ ሆነ?" አለችና መድኃኒቱን ሰጠችው። ጠበቅን። ጥቁር... ጥቁር... መጫን አማረኝ፣ እጄን ከለከልኩት። ከዚያ ትልቁ የደም ሥር ነጣ። ከዚያ ግድግዳው ላይ አንድ ነጭ ነጥብ። ሌላ። እንደ ካፊያ። ጤነኛው ፈካ፤ የጠበበውማ ዙሪያውን ከጤነኛው ይበልጥ ቦግ አለ።

ስክሪኑን አዞርኩለት። "ደምዎ ነው።"

"ጎል ነው ማለት ነው?"

"የተቆጣ ነው ማለት ነው። መድኃኒት ይሞከራል። ነገ አይቆረጡም።"

ዓይኑን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ጄል ገባብኝ አለ።

ቀዶ ሐኪሙ ሁለቱን ቪዲዮ ጎን ለጎን አየና "እንግዲህ ነገ ምሳዬን በሰዓቱ እበላለሁ" አለ። ከእሱ አፍ ይኼ ትልቅ ምስጋና ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 14

አረፋው ከመሰጠቱ በፊት እቴቴ በታማሚው ፊት "እጅ!" ትለኛለች። ቀለል አደርጋለሁ። ያናድደኛል። ራሴ ነኝ እንድትለኝ የጠየቅኳት።

እሑድ፣ ሚያዝያ 25

ዳኛው ጋብዞን እሱ የሚዳኘውን የተማሪዎች ጨዋታ ልናይ ሄድን። መድኃኒቱ ይዞለታል። ፊቱ ሞላ ብሏል፣ የጠበበውም ባለፈው ሳየው ላላ ብሎ ነበር። "እንደ ድሮው አልሮጥም" ይላል፤ የድሮውን ስላላየሁ ለእኔ ሩጫ ነው።

ከእረፍት በኋላ ጎል ገባ። ፊሽካውን ነፍቶ እጁን ወደ መሃል ሜዳ ዘረጋ። የተቆጠረባቸው ልጆች ከበቡት። አልሰማቸውም። ከዚያ... ቆመ። ወደ መስመር ዳኛው ሄደ። አወሩ። ተመልሶ ጎሉን ሻረው። አሁን ደግሞ የሌሎቹ ተራ ሆነ፣ ሜዳው ተንጫጫ። እሱ ቀና ብሎ ተመልካቹን ቃኘ፤ እኔን ሲያገኝ በጣቱ ፊሽካውን መታ መታ አደረገ።

"እማ፣ ተሳስቶ ነው?" አለች ልጄ።

"አዎ።"

"አሁን ምን ይሆናል?"

"ጨዋታው ይቀጥላል።"

ቀጠለ። እሱም ከልጆቹ ኋላ ሮጠ።