ሳቅ ያደማው ጭን

ኅዳር 4
ባለቤቴን ይዤ ሆስፒታል ገባሁ። ነገ በጭኑ ስር ቀጭን ቱቦ አስገብተው የጠበበውን የልቡን ደም ስር ሊከፍቱለት ነው። ፈርቷል... አልፈራሁም ይላል። ለነገ ያጠብኩለትን ካልሲ ሳላደርቅ ይዤ መጥቼ መስኮቱ ላይ አሰጣሁት። የክፍላችን ሲስተር አይታ ከንፈሯን ነከሰች፣ ሳቋን ልትውጥ። ወደድኳት።

ኅዳር 5
ተሳካ! ተመስገን ነው። በጋሪ ሲመልሱት አውራ ጣቱን አንስቶ አሳየኝ። ሲስተሯ ገብታ መመሪያ ሰጠችን፦ በጀርባው ይተኛ፣ ቀኝ እግሩን አይጠፍ፣ ራሱን ከትራስ አያንሳ... ደግሞ ሌላም። እኔም በመሃል ስለ ትልቋ ልጄ አጫወትኳት፣ ነርስነት ልማር እያለች እንደምታስቸግረኝ። ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ አሳዘነኝ። ቆይ፣ የሰፈራችንን ፀጉር አስተካካይ ወሬ ይዤለት የለ? አሁን ላስቀው ነው።

ኅዳር 6
ምነው አፌን በያዘኝ።
ፀጉር አስተካካዩ ጥርሱን ካመመው ሰንብቷል። የባለቤቴን ነገር ሲሰማ፣ "ለልቡ በጭኑ ከገቡ ለእኔ ጥርስ በየት ሊገቡ ነው?" ብሎ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮውን ሰረዘ። ትናንት ይሄን ለባለቤቴ ነገርኩት። ሳቀ። ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ፣ ድምፁን አስመስዬ ደገምኩለት...
"አንቺ፣ ጭኔ ስር ሞቀኝ" አለ።
አንሶላውን ገለጥኩ። ደም።
ሲስተሯ ሮጣ መጥታ በሁለት እጇ ተጫነችው። ክንዷ እየተንቀጠቀጠ እንኳ አልለቀቀችም። ጓደኛዋ የእግሩን ትርታ ትዳስሳለች። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ? ግድግዳ ላይ ተለጥፌ... ደሙ በስንት መከራ ቆመ። ዛሬ ጭኑ አብጦ ጠቁሯል። ዛሬ ነበር የምንወጣው፣ ቀረ።
ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ፣ "እናቴ፣ ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ሲስቁ ቦታውን በእጅ ይጫኑ ብዬ ነበር እኮ" አለችኝ።
መቼ? የት ሆኜ ነው ያልሰማሁት? እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ስለ ልጄ ስለፈልፍ።

ኅዳር 7
ዝም ብዬ ዋልኩ። "አሁን ደግሞ አንቺ ታመምሽ?" አለኝ።

ኅዳር 8
ሲስተሯ እጄን ይዛ ፋሻው ላይ አኖረችው። በላዩ የራሷን ጭና እንዴት እንደምይዘው አሳየችኝ። "በሉ አሁን ያጫውቷቸው፤ ዝምታዎ አባባን አስጨንቋቸዋል" አለች። ያን ሁሉ የምለፈልፍ ሴት፣ ወሬ ጠፋኝ። መስኮቱ ላይ የረሳነውን ካልሲ አንስቼ አሳየሁት። ፈገግ አለ። በርትቼ ፋሻውን ተጫንኩ... ወይኔ፣ ለፈገግታም!

ኅዳር 21
ቤታችን ከገባን ሰነበትን። ጥቁረቱ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ የፈለገውን ይሥራ ብሏል። ዛሬ ፀጉር አስተካካዩ ጉንጩ አብጦ ሊጠይቀው መጣ። ገና ሳየው የሚያስቅ ነገር አፌ ላይ ደረሰ። ወደ ባለቤቴ ዞር አልኩ። ምንም ሳልናገር እጁ ጭኑ ስር ሄዶ ተቀምጧል። ራሱም ያወቀው አይመስለኝም።
ወሬውን ዋጥኩት፤ ለእንግዳው ሻይ ቀዳሁ።
ስንት ዓመት፣ አፌን ልከፍት ስል ፊቱ ነበር የሚፈካው። አሁን እጁ ይቀድማል።